የፕሮቲን ዱቄትና የሯጭ ድካም

የአትሌት ድካም ምንጩ አንድ አይደለም። ሩጫው ሲረዝም ጉልበት የሚከዳው በዋናነት በጡንቻና በጉበት የተከማቸው ግላይኮጅን የተባለው ስኳር ሲሟጠጥ ነው። በማግስቱ እግር የሚከብደው ልምምዱ የጡንቻ ክሮችን ስለሚጎዳ ነው። ለሳምንታት አልለቅ የሚል ድካም ደግሞ ከብረት ማነስ፣ ከእንቅልፍ እጦት ወይም ከምግብ ጉድለት ሊመጣ ይችላል። በናይሮቢ ጂሞችና መደብሮች የሚሸጠው የፕሮቲን ዱቄት ከነዚህ በቀጥታ የሚያግዘው ሁለተኛውን ብቻ ነው።

ፕሮቲን በአሚኖ አሲዶቹ የተጎዳ ጡንቻ ይጠግናል። ለአትሌት በቀን ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት ከ1.2 እስከ 2 ግራም፣ ከልምምድ በኋላ ደግሞ በአንድ ጊዜ ከ20 እስከ 25 ግራም ይመከራል። ከዚህ በላይ የሚወሰደው በአብዛኛው እንደ ነዳጅ ይቃጠላል። አንዳንድ አሚኖ አሲዶች የአንጎልን ድካም ያዘገያሉ የሚል መላምት ከእ.ኤ.አ. 1980ዎቹ ጀምሮ ቢነገርም፣ የሩጫ ብቃትን እንደሚያሻሽሉ ጥናቶች በወጥነት አላረጋገጡም።

ይህን ያህል ፕሮቲን ከገበታ ይገኛል። ተመራማሪው ቪንሰንት ኦኒዌራና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት 10 ምርጥ የኬንያ ሯጮች ለ7 ቀናት የበሉትን መዝግበዋል። ሯጮቹ በቀን በአማካይ 607 ግራም ካርቦሃይድሬትና 75 ግራም ፕሮቲን ያገኙ ነበር፤ ፕሮቲኑ በኪሎ 1.3 ግራም ይደርሳል። ከጉልበታቸው 86 በመቶው የመጣው ከእጽዋት ምግብ ሲሆን ከበቆሎ ዱቄት የሚሠራው ኡጋሊ ዋነኛው ነበር። ጉድለቱ የታየው በጠቅላላው ጉልበት ላይ ነው፦ በቀን 3,605 ኪሎ ካሎሪ እያወጡ የሚመገቡት 2,987 ብቻ ነበር። እንዲህ ላለ ሯጭ የሚያስፈልገው ተጨማሪ ሳህን ምግብ እንጂ ውድ የዱቄት ቆርቆሮ አይደለም። አንድ ሳህን ቦሎቄና ሁለት ብርጭቆ ወተት 30 ግራም ገደማ ፕሮቲን ይሰጣሉ። በጾም ወቅት ለሚሮጥ ኢትዮጵያዊም ሽሮ፣ ምስርና ቦሎቄ ይህንኑ ቦታ ይሸፍናሉ።

ዱቄቱ እንደ ሌሎች የምግብ ማሟያዎች አደጋም አለው። በጀርመን ኮሎኝ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ምርመራ ከ13 አገሮች የተሰበሰቡ 634 ሆርሞን የሌላቸው ተብለው የተሸጡ ማሟያዎችን ፈትሾ፣ በ94ቱ ውስጥ በመለያው ያልተጻፈ የተከለከለ ስቴሮይድ አግኝቷል። በጸረ ዶፒንግ ሕግ መሠረት በአካሉ ውስጥ ለተገኘው ንጥረ ነገር ተጠያቂው አትሌቱ ራሱ ነው። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2016 የጸረ ዶፒንግ ሕግ ካወጣች ወዲህ ቅጣቱ የብዙ ሯጮችን ሕይወት አጨልሟል። ወጣቱን ሯጭ ለእንዲህ ያለ አደጋ ማጋለጥ አይገባም።

ዱቄቱ የሚጠቅመው በጉዞ ላይ ወይም ምግብ በማይገኝበት ሰዓት ነው፤ ያኔም በገለልተኛ ላቦራቶሪ የተፈተሸው ይመረጥ። ድካም ያልለቀቀው ሯጭ ግን ዱቄት ከመግዛቱ በፊት ደሙን ያስመርምር፣ ገበታውን ይሙላ፣ እንቅልፉን ይጠብቅ። አሰልጣኞችም ይህን ደጋግመው ይንገሩት።