የዋግ ሕዝብ በካሜራ ፊት
ከፕሮፌሰር ተሾመ ገብርኤል አሳብ የምንለይበት ነጥብ

ሊቅን ማክበርና የሊቅን ቃል ሳይመረምሩ መቀበል አንድ ነገር አይደሉም። በቅኔ ጉባኤ ተማሪው መምህሩን እንደ ወላጅ አባቱ ያከብራል፤ ነገር ግን ምሥጢሩ አልተስማማም ብሎ ቢከራከር ደፋር ተብሎ ከጉባኤው አይባረርም። እንዲያውም ክርክሩ ለትምህርቱ ማደጊያ ይሆናል። እኛም በዛሬው ጽሑፋችን ይህንኑ ልማድ ተከትለን፣ ከኢትዮጵያ የፊልም ሐያስያን መካከል በዓለም ዘንድ ስማቸው ከፍ ብሎ ከሚጠራው ከፕሮፌሰር ተሾመ ገብርኤል ጋር በአንድ ነጥብ ላይ እንለያያለን።

ጉዳዩ የሲኒማ ተማሪዎችን ብቻ የሚመለከት አይደለም። ሰቆጣና የዋግ ኽምራ ደጋ በማራቸውና በፍየላቸው፣ ከአለት በተፈለፈለው በውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ ሊታወቁ የሚገባቸው ሲሆኑ፣ የውጭው ዓለም የሚያስታውሳቸው በረኀብ ፊልም ነው። ስለዚህ ካሜራ ሰውን እንዴት አድርጎ ሊያይ ይገባዋል የሚለው ጥያቄ ለዋግ ሕዝብ የመጽሐፍ ጥያቄ ብቻ ሊሆን አይችልም።

ፕሮፌሰር ተሾመ በኢትዮጵያ ተወልደው፣ በአሜሪካ ተምረው፣ በሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሲኒማን ያስተማሩና እ.ኤ.አ. በ2010 ያረፉ ምሁር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1982 ባሳተሙት መጽሐፍና ከዚያ በኋላ በጻፏቸው ጽሑፎች የአፍሪካ፣ የእስያና የላቲን አሜሪካ ፊልሞች በሆሊውድ ሚዛን ብቻ ሊመዘኑ እንደማይገባ አስረድተዋል። «ሦስተኛው ሲኒማ» የተባለው አሳብ በዩኒቨርሲቲዎች ትምህርት ሆኖ እንዲሰጥ ካደረጉት ሰዎች አንዱ እርሳቸው ናቸው። ፊልም የሕዝብ ትዝታ ጠባቂ ነው የሚለውም አሳባቸው ዛሬም ቢሆን የሚናቅ አይደለም።

የምንለይበት ነጥብ ይህ ነው። ፕሮፌሰሩ የምዕራባውያንን ፊልምና የሦስተኛውን ዓለም ፊልም ሲያነጻጽሩ፣ የመጀመሪያው ከጽሕፈትና ከኅትመት ባህል፣ ሁለተኛው ደግሞ ከአፍ ባህል የተወለደ ነው ይላሉ። ከዚህም ተነሥተው የአንድን ሰው ፊት አቅርቦ ማንሣት፣ የፊልም ሰዎች ክሎዝ አፕ የሚሉት ዘዴ፣ ለሦስተኛው ዓለም የፊልም ሠሪ እንግዳ ነው ብለው ይፈርዳሉ። ሦስት ምክንያትም ያቀርባሉ። አንደኛ፣ እንዲህ ያለው ሥዕል የተመልካቹን ዓይን ወደ ራሱ ይስባል። ሁለተኛ፣ ሰውየውን ከማኅበሩ ይለየዋል። ሦስተኛ፣ የቦታውን ምሉዕነት ያጎድላል። ስለዚህ ካሜራው ራቅ ብሎ፣ ሰፊውን ምድርና በላዩ ያለውን ሕዝብ በአንድነት፣ ሳይቸኩል ቢያሳይ ለባህላችን ይስማማል ማለታቸው ነው።

አሳቡ በመጽሐፍ ላይ ሲነበብ ያማረ ነው። ነገር ግን ከኮረም ሜዳ ጋር ስናስተያየው አልገጥም አለን።

ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ጣቢያ ቢቢሲ፣ ማይክል ቡርክ የተባለው ጋዜጠኛ ያቀረበውንና መሐመድ አሚን በካሜራው ያነሣውን የኮረም ዘገባ ለዓለም አሳየ። ኮረም ያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ትቆጠር ነበር። እዚያ ሜዳ ላይ ከፈሰሰው ሕዝብ መካከል ከዋግ ደጋ ተነሥቶ ተራራና ገደል አቋርጦ የደረሰው ብዙ ነበር። ከዘገባው በሰው ልብ ውስጥ የቀረው ሥዕል ጎሕ ሲቀድ በጭጋግና በጢስ መካከል ጋቢውን ተከናንቦ ሜዳውን የሞላው ሕዝብ ነው። ካሜራው ራቅ ብሎ አይቷል፤ ምድሩንም ሕዝቡንም በአንድነት አሳይቷል። ሐያሲው ለእኛ ይስማማል ያሉት አተያይ በመልኩ ከዚህ የራቀ አልነበረም።

ይህ ሥዕል ብዙ እርዳታ እንዳስገኘና ነፍስ እንዳዳነ አንክድም። ነገር ግን ሥዕሉ ሌላም ነገር አስከተለ። የዋግ ሰው በዓለም ዓይን ብዛት ሆነ፤ ስም አልነበረውም፤ የመጣበት መንደር አልተጠየቀም፤ ስለ እርሱ የተናገረው ድምፅ የጋዜጠኛው ድምፅ ነበር። ከዚያ በፊትም እንዲሁ ሆኖ ነበር። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው ጋዜጠኛ የወሎን ረኀብ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን አሳየ። ይኸው ፊልም መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት የግብዣ ሥዕሎች ጋር ተቀላቅሎ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ቀረበ፤ በማግሥቱም ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። አንድ ጊዜ ለምጽዋት፣ አንድ ጊዜ ለፖለቲካ፣ የወሎ ሕዝብ ሁለት ጊዜ ለዓለምና ለአገር ታየ፤ ሁለቱንም ጊዜ ግን ስሙን የጠየቀው የለም።

እንግዲህ ሰውን ከማኅበሩ የሚለየው የቀረበ ሥዕል ብቻ ነውን? በእኛ አስተያየት የራቀ ሥዕልም ሰውን ከማኅበሩ ይለየዋል። ማኅበር ማለት እገሌ የእገሌ ልጅ፣ የእገሌ ጎረቤት፣ የዚህ ደብር ሰው መባል ነው። ይህ ሁሉ ሲፋቅ የሚቀረው መንጋ እንጂ ማኅበር አይደለም።

ሁለተኛው ክርክራችን ስለ ባህላችን ነው። በደጋው ቤተ ክርስቲያናት ያለውን የቆየ ሥዕል የተመለከተ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ሠዓሊው ቅዱሱን ሙሉ ፊቱን ወደ ተመልካቹ መልሶ፣ ዓይኖቹን አጉልቶ ይሥላል፤ ከሐዲውን ግን በጎን በኩል አንድ ዓይኑን ብቻ ያሳያል። ከጀርባ ብዙ ጊዜ ቀለም እንጂ ተራራና ሜዳ የለም። ስለዚህ ፊትን አጉልቶ ማሳየት ከሆሊውድ የተማርነው አይደለም። በአገራችን ሠዓሊ ዘንድ የሰውን ክብርና ውርደት የሚለየው የፊት አሣሣል ነው፤ የቦታ ስፋት አይደለም።

የአፍና የጽሕፈት ክፍፍልም እንዲሁ ከአገራችን ጋር አይስማማም። በዋግ ኽምጣኛና አማርኛ በአፍ ሲነገሩ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት የብራና መጽሐፍ ይቀመጣል። ባለ ቅኔው ቅኔውን በጽሕፈት ቋንቋ በግእዝ አስቦ በአፉ ይዘርፈዋል፤ የተቀኘውም እርሱ ነውና በስሙ ይታወሳል። ይህ ሰው በፕሮፌሰር ተሾመ ሠንጠረዥ በየትኛው ዓምድ ይጻፍ? በሁለቱም ይጻፍ ቢባል ሠንጠረዡ ይፈርሳል፤ በአንዱ ብቻ ይጻፍ ቢባል ሰውየው ይጎድላል።

ከሁሉ ይልቅ ግን ለክርክራችን ምስክር የሚሆነው ለቅሶ ነው። በደጋው አገር ሙሾ አውራጅዋ የሟቹን ስም ትጠራለች፤ ዘሩን ትቆጥራለች፤ የሠራውን ሥራ አንድ በአንድ ታነሣለች። ለቀስተኛውም ዙሪያውን ቆሞ ይቀበላታል። እዚህ ላይ አንዱ ሰው ከብዙው አልተለየም፤ ብዙውም አንዱን አልዋጠውም። የቀረበውና የራቀው ሥዕል በአንድ ላይ ናቸው። ፕሮፌሰሩ ከአፍ ባህላችን ተቀባዩን ወስደው አውራጅዋን ረሱ እንላለን። «ስም ከመቃብር በላይ ነው» የሚለው ሕዝብ የአንድ ሰው ነገር አይገደውም ሊባል አይችልም።

ለሐያሲው አሳብ የቀረበ ከሚባለው ፊልምም ብንነሣ ከዚሁ እንደርሳለን። ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1976 ያወጣው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የገበሬውን ድካም ሳይቸኩል፣ ሰፊውን ምድር እያሳየ ይተርካል። ቢሆንም ፊልሙን ያየ ሰው ከበበ የተባለውን፣ መሬቱን የተነጠቀውንና እብድ የተባለውን ሰው አይረሳም። ከበበ ስም አለው፤ ይናገራል፤ ይቆጣል። የሕዝቡ ብሶት በአንድ ሰው አፍ ሲወጣ አልቀነሰም፤ ይልቁንም ተሰማ።

ምናልባት ለፕሮፌሰሩ ጥብቅና የሚቆም አንባቢ የብርሃን ወልዱን ታሪክ ያነሣብን ይሆናል። በ1977 ዓ.ም. መቀሌ ላይ በካናዳ ቴሌቪዥን ካሜራ ከሞት አፋፍ ላይ ሳለች ፊቷ ቀርቦ የተነሣው ያች ሕፃን፣ በዚያው ዓመት በለንደኑ ታላቅ የሙዚቃ ዝግጅት ላይ ለዓለም ሁሉ ታየች። ፊቷን ያየው ብዙ ሲሆን ስሟን ያወቀ ጥቂት ነበር። በ1997 ዓ.ም. አድጋ በለንደን መድረክ ላይ እስክትቆም ድረስ ለብዙው ተመልካች የረኀብ ምልክት እንጂ ሰው አልነበረችም። ይህ እውነት ነው፤ ሐያሲው የፈሩትም ይህንን ነው። ነገር ግን የጎደለው ምን ነበር? የካሜራው መራቅ ነውን? አይደለም። የጎደለው ስሟና የአባቷ ቃል ነበር። እንግዲህ ጥፋቱ ያለው በካሜራው መቅረብና መራቅ አይደለም። ካሜራ የተደቀነበት ሰው ስሙ መጠራቱና ቃሉ መሰማቱ ነው ቁም ነገሩ።

ይህን ሁሉ የምንለው ስላለፈው ለመቈጨት ብቻ አይደለም። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር እስከ እ.ኤ.አ. 2030 ለማጥፋት የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሎ ተሰይሟል። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት ከአበርገሌና ከአካባቢዋ የተፈናቀሉ ወገኖች ሰቆጣ ሲሰፍሩ፣ ከዚያም በኋላ ድርቅ ዝቋላንና ሣህላን ሲመታ፣ ካሜራ ወደ ዋግ ተመልሷል። ዛሬ ካሜራውን የሚይዘው የባሕር ማዶ ሰው ብቻ አይደለም። የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛው፣ የእርዳታ ድርጅት ባልደረባው፣ በእጅ ስልኩ የሚያነሣው ተማሪም ነው።

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፣ ለሥራ ወደ ዋግ ስትወጡ ፕሮፌሰር ተሾመ ያስተማሩንን አትጣሉ፤ ሰውን ከምድሩና ከወገኑ ነጥላችሁ አታሳዩ። ነገር ግን ራቅ ብሎ በማንሣት ብቻ ግዴታችሁን የፈጸማችሁ አይምሰላችሁ። ቀርባችሁ ስሙን ጠይቁ፤ እንዲጠራ ከፈቀደም ጥሩት። ኽምጣኛ የሚናገር ከሆነ ድምፁ በራሱ ቋንቋ ይሰማ፤ ትርጉሙ ከሥር ይጻፍለት። ስላጣው እህል ብቻ ሳይሆን ስለሚያውቀው ሥራ፣ ስለ ቀፎውና ስለ ፍየሎቹም ይናገር። ፊልሙም ሲያልቅ መጀመሪያ ለተነሡት ሰዎች ይታይ፤ እውነተኛው ሐያሲ ከዚያ መካከል ይነሣልና።

የፊልምን ዋጋ ከሕዝብ ትዝታ ጋር አስተሳስረው ያስተማሩን ፕሮፌሰር ተሾመ ናቸው። የዋግ ሕዝብ ሲያስታውስ በስም ያስታውሳል። የመምህሩን ትልቁን ቃል ለመጠበቅ ስንል ትንሹን ቃላቸውን መተው ግድ ሆኖብናል።