ዝቃጭ ሲመጣ ወረቀቱ ይቅደም

ወገኖቼ ገበሬዎች! ፍግ ለመሬት ምግብ መሆኑን እናንተ ለእኛ ለተማሪዎች ታስተምሩናላችሁ እንጂ እኛ አናስተምራችሁም። ዛሬ የማነሳው ሌላ ነገር ነው። ከከተማ ሽንት ቤትና ከፍሳሽ ማጣሪያ ስለሚወጣው ጥቁር ዝቃጭ ነው።

ዝቃጭም ማዳበሪያ ይሆናል። ሰብል የሚፈልገው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ አለበት። ታዲያ ማሳ ላይ ለመድፋት የመንግሥት ፈቃድ ለምን ያስፈልጋል? «ገበሬን ለማመላለስ ነው» የሚሉ አሉ። እኔ ግን አይመስለኝም። በዝቃጭ ውስጥ የወስፋት እንቁላል አለ። እንቁላሉ አፈር ውስጥ ሳይሞት ለዓመታት ይቆያል። ካሮቱን ሳይታጠብ የበላ ልጅ እንቁላሉንም አብሮ ይውጣል። ይህስ በሙቀትና በጊዜ ይሞታል። ከፋብሪካ የመጣ እርሳስና ካድሚየም ግን አይሞትም፤ አይበሰብስም። አንዴ ማሳ ከገባ ማን ለቅሞ ያወጣዋል?

በአሜሪካ በ1993 እ.ኤ.አ. ስለዚህ ጉዳይ ደንብ ወጥቷል። በሚገባ ያልተብላላ ዝቃጭ በተደፋበት መሬት ለ30 ቀን ከብት አይሰማራም። ከመሬት በላይ በቅሎ ዝቃጩን የሚነካ የምግብ ሰብል ደግሞ ለ14 ወር አይሰበሰብም። ደንቡ እንዲህ ጥብቅ ነው።

ይሁንና ፈቃድ ብቻውን አይበቃም። ሜይን በተባለው የአሜሪካ ክፍለ ሀገር ገበሬዎች በመንግሥት ፈቃድ ለብዙ ዓመታት ዝቃጭ ማሳቸው ላይ ሲያስደፉ ኖሩ። ዝቃጩ ውስጥ ፒፋስ የሚባል፣ በቀላሉ የማይጠፋ የፋብሪካ ኬሚካል ነበር። ፈቃድ ሰጪው ስለ እሱ አልጠየቀም። በ2016 እ.ኤ.አ. ኬሚካሉ ከአንድ ገበሬ ላሞች ወተት ውስጥ ተገኘ። በ2022 ክፍለ ሀገሩ ዝቃጭ መሬት ላይ መድፋትን ጨርሶ ከለከለ። ለእነዚያ ማሳዎች ግን ክልከላው ዘግይቶ ነበር።

በእኛም አገር በ1995 ዓ.ም. የወጣ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 አለ። ማንም ሰው አካባቢን እንዳይበክል ይከለክላል። ነገር ግን ለገበሬው በሚገባው ቃል ማን አነበበለት?

የእኔ አስተያየት ይህ ነው። ፈቃድ የማውጣቱ ሸክም በገበሬው ላይ መውደቅ የለበትም። ፈቃዱንም የምርመራውንም ውጤት ይዞ መምጣት ያለበት ዝቃጩን ያመጣው ነው። ባለ ቦቴው «በነፃ ልድፋልህ» ቢላችሁ (እሱ እንኳ ሩቅ ሄዶ ከመድፋት ነዳጅ ይተርፈዋል) «ወረቀቱን አሳየኝ» በሉት። አሁን ማንበብ ችላችኋል። ዝቃጩ ከየት መጣ? ስንት ወር ተከማቸ? እርሳሱና ካድሚየሙ ተለክቷል ወይ? ማን ፈረመበት? ወረቀት ከሌለው መኪናው ከማሳው ዳር ይመለስ።