ሰማይን የሳተ ሽጉጥ የለም

«የዛሬ ሽጉጥ ቆርቆሮ ነው፤ ሽጉጥማ የድሮው ነበር!» ደሴ ውስጥ ቡና የሚጠጣ ሰው ይህችን ፍርድ ሳይሰማ ከአቦል ወደ ቶና አይሻገርም። ሰሞኑን ፒያሳ አካባቢ አንድ ጋሼ የባሰ ጨመሩባት። «የጣልያኑ ቤሬታ ሃምሳ ክንድ ላይ ሳንቲም ይመታል። አዲሱን በነፃ ቢሰጡኝ አልወስድም» አሉ። ተሰብሳቢው ራሱን ነቀነቀ። ሳንቲሙን ሲመታ ማን እንዳየ ብጠይቅ መልስ ጠፋ። «ኧረ ሰርግ ላይ ሲያንጣጣው በሰማህ!» ተባልኩ።

አያችሁ ነገሩን? ምስክሩ ጆሮ ነው። ሽጉጡ የተፈተነው ሙሽራ ሲገባ፣ ወደ ላይ ተተኩሶ ነው። ሰማይን የሳተ ሽጉጥ ደግሞ እስከ ዛሬ አልተሠራም። በዚህ ፈተና ቤሬታም አንደኛ ይወጣል፣ ማካሮቭም አንደኛ ይወጣል፣ የልጆች ርችትም አንደኛ ይወጣል። የሚወድቅ ካለ ጥይቱ ብቻ ነው፤ እሱም የጎረቤት ጣሪያ ላይ፣ ሲብስም የሰው አናት ላይ።

የኢላማ ነገር መለኪያ አለው። በውድድር 25 ሜትር ላይ ወረቀት ይሰቀላል፤ መሐል ላይ ያለችው የአሥር ነጥብ ክብ ስፋቷ 50 ሚሊ ሜትር ነው። በ10 ሜትሩ የአየር ሽጉጥ ውድድር ደግሞ 11.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ናት፤ የሸሚዝ ቁልፍ በሏት። ወረቀት ይሉኝታ አያውቅም፣ የባለቤቱን ዕድሜም አይጠይቅም። ጋሼ፣ አንቱ ዕድሜዎን ሙሉ ስለ ኢላማ ሲያወሩ አንዲት የተበሳች ወረቀት እንዴት አላስቀሩም?

ደግሞስ ቤሬታውን ማን አያውቀውም? በዘይት ከራሰ ጨርቅ ውስጥ ሲወጣ ጎኑ ላይ 1936 ይላል፤ አጠገቡ የሙሶሎኒ አገዛዝ 14ኛ ዓመት በሮማውያን ቁጥር ተቀርጿል። ጥቁሩ ቀለም ጠርዝ ጠርዙ ላይ ተልጦ ነጭ ብረት ሆኗል። የእጀታው ሽፋን ተሰንጥቆ በሽቦ ታስሯል። ማነጣጠሪያው ወደ ላይም ወደ ታችም አይስተካከልም፤ በርሜሉም ከ9 ሴንቲ ሜትር ብዙ አይዘልም። የጣልያን ሹም ወገቡ ላይ አንጠልጥሎት እንዲውልና ቢጨንቀው ጥቂት እርምጃ ላይ እንዲተኩስበት ተሠራ። ለዚያ ሥራው ጎበዝ ነበር። የኢላማ ሽጉጥ ግን ሌላ ፍጥረት ነው። ማነጣጠሪያው በካቻቪቴ ግራ ቀኝ ይስተካከላል፣ እጀታው በተኳሹ መዳፍ ልክ ይቀረጻል፣ የቃታው ክብደት ሳይቀር ይመዘናል፤ በ25 ሜትሩ ውድድር ቃታው ከ1 ኪሎ ግራም በታች ቢሆን ከሜዳ ያስወጣል። የቤሬታውን ቃታ መዝኖ የሚያውቅ ወሎዬ ካለ እጁን ያውጣ።

«አዲስ» እያሉ የሚንቁትስ የትኛውን ነው? በኮንትሮባንድ ከገቡት ቱርክ ሠራሽ ሽጉጦች መካከል ለድምፅ ብቻ ተሠርተው በኋላ በርሜላቸው የተበሳ አሉበት። ያንን ከቤሬታ ጋር አቁሞ «ዘመኑ ከፋ» ማለት ፍርድ አይደለም። አዲስን ከአሮጌ ማወዳደር የሚፈልግ ሰው አንድ ዓይነቱን ያወዳድር። አሜሪካ ውስጥ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሞዴል 41 የሚባለው የኢላማ ሽጉጥ ከ1957 (በእነሱ አቆጣጠር) ጀምሮ ይመረታል። የድሮው ይሻላል የሚሉ አሉ፣ የአሁኑ ይሻላል የሚሉም አሉ። ነገር ግን የሚከራከሩት አንድ ዓይነት ጥይት ከአንድ ርቀት ተኩሰው፣ ቀዳዳዎቹን እየለኩ ነው። እኛ ዘንድ የሚለካው የተራኪው ድምፅ ሆነ።

ከደሴ ቁልቁል ወርደው ኮምቦልቻ አንድ ቶርኖ ቤት ይግቡ። ባለሙያው የተቆረጠውን ብረት አያመሰግንም፣ አይራገምም፤ ካሊፐሩን አውጥቶ ይለካል። ልኩ ካልመጣ ይጥለዋል። የድሮ ባለ እጅ ጥበበኛ እንደነበረ እሱም አይክድም፤ ግን በኮምፒውተር የሚታዘዘው ማሽን የመቶኛ ሚሊ ሜትር ልክ ጠብቆ ያንኑ ቁራጭ ደጋግሞ እንደሚያወጣ ያውቃል። ጥሩ በርሜል የሚባለው ይኸው ነው፤ ልኩ የማይዛነፍ ቀዳዳ። ትዝታ አይቆፍረውም።

በፓሪሱ ኦሎምፒክ እጁን ኪሱ ከቶ የብር ሜዳሊያ ያጠለቀውን ቱርካዊ ዩሱፍ ዲኬችንም ለዚሁ ወሬ ጎተቱት። «አያችሁት፣ ያለ ምንም መሣሪያ!» አሉ። ኪሱ ውስጥ የገባችውን እጅ አይተው የተዘረጋችውን ዘለሏት። የተዘረጋችው እጅ የያዘችው ለውድድር ብቻ የተሠራ ዘመናዊ የአየር ሽጉጥ ነበር።

«የድሮው ብረት ይሻላል» የሚለውን ወግ ወሎ ላይ መስማት ደግሞ ያስገርማል። በሚያዝያ 1860 በመቅደላ ግርጌ እሮጌ ሜዳ ላይ እንግሊዞች ስናይደር የሚባለውን፣ ከኋላው የሚጎረሰውን አዲስ ጠመንጃ ይዘው መጡ። ጦራቸው ከታጠቀው ገና ጥቂት ጊዜው ነበር። የቴዎድሮስ ጦር በአሮጌው ነፍጥ ገጠመ። ከእኛ 700 ያህል ሲወድቁ ከእነሱ የሞቱት 2 ናቸው። ጀግንነት ጎድሎ አይደለም፤ ብረቱ ጎድሎ ነው። ከቀናት በኋላ ቴዎድሮስ የጠጧት ጥይት ከንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ ከመጣ ሽጉጥ የወጣች ናት። ያ ሽጉጥ እስከ ዛሬ የሚወራለት ስለያዘው ሰው እንጂ ስለ አነጣጣሪነቱ አይደለም።

የእናንተም ቤሬታ እንዲሁ ነው። ከአባት የወረሰው ይኩራበት፣ በአዋጅ 1177/2012 መሠረት ፈቃዱን ያውጣ፣ ዘይት ይቀባው። ቅርስ ነው ቢለኝ አሜን እላለሁ። «ኢላማ ይመታል፣ ከአዲሱ ይበልጣል» ካለኝ ግን በተፈቀደ መተኮሻ ቦታ፣ 25 ሜትር ላይ፣ አምስት ጥይት ተኩሶ ወረቀቱን ያምጣ። ወረቀት የሌለው ጋሼ ስለ ሽጉጥ ጥራት ሲያወራ እኔ ከእንግዲህ የምሰማው እንደ ሰርግ ተኩስ ነው።