«ጠፍቻለሁ» ማለት ነውር የሆነበት ሰማይ!

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ከቢሾፍቱ ተነሥቶ ብቻውን የሚበር ተማሪ አዳማ አካባቢ ሲደርስ የት እንዳለ ቢጠፋበት ምን ማድረግ አለበት?

የበረራ ትምህርት መልሱን አምስት ትእዛዝ አድርጎታል፦ ከፍ በል፤ በራዲዮ ተናገር፤ መጥፋትህን እመን፤ የተባልከውን ፈጽም፤ ነዳጅህን ቆጥብ። እኔ አብራሪ አይደለሁም፤ አዳማ ቁጭ ብዬ በየጋዜጣው የምጭር ሰው ነኝ። ነገር ግን አራቱ የእጅ ሙያ መሆናቸው አይጠፋኝም። ሦስተኛው የሆድ ነገር ነው፤ የሚገድለንም እሱ ነው።

«ስምጥ ሸለቆ ላይ ማን ይጠፋል? ቆቃ አለ፣ ዝዋይ አለ፣ ላንጋኖና ሻላ አለ፣ አዋሽ አለ» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ግን ምልክቱም ይከዳል። በ1950ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው የመተሐራው በሰቃ ሐይቅ ዛሬ ከ40 በላይ ሆኗል። አብያታ ደግሞ ሸሽቷል። በ2007 የፍጥነት መንገዱ፣ በ2009 አዲሱ ሐዲድ ተጨምሯል። አሮጌ ካርታ የያዘ ልጅ ግራ ቢጋባ ይፈረድበታል? «ከፍ በል» ማለትም ቀላል አይደለም፤ በምዕራብ ዝቋላ 3,000 ሜትር ይጠጋል፤ በደቡብ ጭላሎ ከ4,000 ሜትር በላይ ቆሞ ይጠብቃል።

ተራራና ደመና ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ይህች አገር አይታለች። ነሐሴ 1 ቀን 1981 ዓ.ም. የአሜሪካ ምክር ቤት አባል ሚኪ ሌላንድን ጨምሮ 16 ሰዎችን ይዞ ወደ ፉኝዶ የስደተኞች ሰፈር የተነሣው አውሮፕላን በመጥፎ አየር ከተራራ ተጋጨ። ስብርባሪው የተገኘው በስድስተኛው ቀን ነው።

«አሁን ጂፒኤስ አለ» የሚሉም አሉ። ወይ ጉድ! መጋቢት 26 ቀን 2013 ዓ.ም. ወደ ዛምቢያዋ ንዶላ የሄደው የአየር መንገዳችን የጭነት አውሮፕላን ገና ተሠርቶ ባላለቀ ሌላ አየር ማረፊያ ላይ አረፈ። ያውም ዘመናዊ ቦይንግ 737! አየር መንገዱ ስለ አዲሱ ሜዳ ማሳሰቢያ አልደረሰኝም ብሏል፤ ይሁን። ደግነቱ የተጎዳ ሰው የለም። መሣሪያ ሞልቶም መሳሳት እንዳለ ግን ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይምጣ?

ስለዚህ ነገሩ ወደ ሰውየው ይመለሳል። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ «አልገባኝም» ያለ ልጅ ሲሳቅበት እያየ ያደገ ወጣት፣ ሰማይ ላይ ሲወጣ በምን ተአምር ነው አፉን ሞልቶ «ጠፍቻለሁ» የሚለው? ከማን ይማር? በቴሌቪዥን ቀርቦ «መንገድ ስተናል» ያለ ሹም ያየ እጁን ያውጣ! እነሱ ገደል አፋፍ ላይ ሆነውም «ጉዞው በታቀደለት መሠረት ቀጥሏል» ነው የሚሉን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ያሉት አበው ለአብራሪም ለመንግሥትም ነው።

አሜሪካኖች ይህን ቀድመው ገብቷቸዋል። ከ1968 ዓ.ም. ጀምሮ አብራሪ ስሕተቱን ራሱ ለናሳ ሲያስታውቅ ስሙ ይደበቃል፤ ሆን ብሎ እስካላጠፋ ድረስም ከቅጣት የሚጠበቅበት ደንብ አለ። ሰው የሚናገረው ሲናገር ካልተመታ ነውና።

እኛስ? ጉዳዩ የሚመለከታችሁ ሁሉ ስሙኝ! አስተማሪ ተማሪውን ሆን ብሎ ሐይቆቹ መሐል ያጥፋውና «ጠፍቻለሁ» ማለትን በራዲዮ ያለማምደው። ቶሎ ያመነ ማርክ ይጨመርለት እንጂ አይቀነስበት። የአደጋ ጊዜው ሞገድ 121.5 እንደ እናቱ ስም በቃሉ ይያዝ። ካርታውም ከሐይቆቹ ጋር ይታደስ። አቡሴራ ላይ የታሰበው ግዙፍ አየር ማረፊያ ሥራ ሲጀምር ይህ ሰማይ ይጨናነቃል፤ ያኔ ከምንጯጯህ ዛሬ እንነጋገር።

ተራራ ማዕረግ አይጠይቅም፤ ነዳጅም ይሉኝታ አያውቅም!