መድኃኒቱ ሲያልቅ ሕክምናው አያልቅም

በሸሕዲና በአካባቢዋ ኑሮ የሚገፋው በጉልበት ነው። በክረምት ለአረም፣ ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋው ብዙ ሠራተኛ ወደ መተማና ወደ ቋራ ቆላ ይወርዳል። በየእርሻው ብዙ ሰው በጠባብ መጠለያ ተጠጋግቶ ሲያድር፣ የሳምባ ነቀርሳ ካለበት ወደሌለበት በቀላሉ ይተላለፋል። ሠራተኛው ወደ ቤቱ ሲመለስም በሽታው አብሮት ገብቶ እናትንና ሕፃናትን ሊይዝ ይችላል።

የሳምባ ነቀርሳ የሚድን በሽታ መሆኑን ዛሬ ያልሰማ የለም። መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ተቋማት ያለ ክፍያ ይሰጣል፤ የተለመደው ሕክምና 6 ወር ይፈጃል። ይሁን እንጂ ብዙ ቤተሰብ ያላወቀው አንድ ነገር አለ። የበሽታው ተሐዋስያን በመድኃኒት ቢጠፉም በሳምባ ላይ የተዉት ጠባሳ ሊቀር ይችላል። በሕመሙ ወራት የከሳው የእግርና የክንድ ጡንቻም መድኃኒት ስለተዋጠ ብቻ አይመለስም። ስለዚህ «ድነሃል» የተባለው ሰው ጥቂት ሲራመድ ያለከልካል፤ ዳገት ሲወጣ ቆም ቆም ይላል።

በዚህ ጊዜ ቤተሰብ ከሁለት አንዱን ስሕተት ይሠራል። አባወራው ታሞ ከሆነ «አርፎ ይተኛ» ተብሎ ወራት ሙሉ ከአልጋ እንዳይነሳ ይደረጋል። የታመመችው እናት ከሆነች ግን መድኃኒቷን በጨረሰች ማግስት ወደ ጭስ ቤቱና ወደ ውሃ መቅዳቱ ትመለሳለች፤ ቢደክማትም «ሰነፈች» ትባላለች። ያለ ልክ መተኛት ጡንቻን ያደክማል፤ ድንገተኛ ሸክምም ያልጠናውን ሰው ይጥላል። ትክክለኛው መንገድ በሁለቱ መካከል ነው፤ ጉልበትን በየዕለቱ በጥቂት በጥቂቱ መልሶ መገንባት።

ለዚህ ከውጭ አገር የምንወስደው ምሳሌ አለ። የሳምባ ንቅለ ተከላ ለመጀመሪያ ጊዜ ለረጅም ዘመን የተሳካው እ.ኤ.አ. በ1983 በካናዳ፣ በቶሮንቶ ከተማ ነው። ዛሬ ይህ ሕክምና የሚደረግለት ሰው ጤነኛ ሳምባ ስለተተከለለት ብቻ ተኝቶ እንዲያገግም አይተውም። ከቀዶ ሕክምናው በፊትም ሆነ በኋላ በባለሙያ እየታገዘ እንዲራመድና ጡንቻውን እንዲያጠነክር ይደረጋል፤ አዲስ ሳምባ የደከመን እግር ሊያስኬድ አይችልምና። በአገራችን የኩላሊት ንቅለ ተከላ በ2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ተጀምሯል፤ የሳምባው ግን እጅግ ከባድና ውድ ሕክምና ነው። ሆኖም ከቀዶ ሕክምናው ጋር የሚሰጠው የእንቅስቃሴ ሕክምና አንድ በርጩማና አንድ ደልዳላ መንገድ ካለ ሸሕዲም ላይ ሊሠራ ይችላል።

እንቅስቃሴውን ከመጀመር በፊት ሐኪም ወይም ጤና ባለሙያ ማማከር ግዴታ ነው። ባለሙያው በሽተኛው በ6 ደቂቃ ውስጥ ምን ያህል ሜትር እንደሚራመድ ለክቶ መነሻውን ያውቃል። ወደ ጎንደር ሪፈር የተጻፈለት ሰውም ስለ ፊዚዮቴራፒ ቢጠይቅ መልካም ነው፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በዚህ ሙያ ባለሙያዎችን ያሠለጥናል።

በቤት ውስጥ የሚሠራው እንደሚከተለው ነው፦

አንደኛ፣ ትንፋሽ። ትከሻን አላልቶ ተቀምጦ፣ እስከ 2 እየቆጠሩ በአፍንጫ አየር ማስገባት፤ ከዚያ ትኩስ ሻይ እንደሚያበርዱ ከንፈርን አሹሎ እስከ 4 እየቆጠሩ በዝግታ ማስወጣት። ሲያለከልክም ይኸው ዘዴ ይረዳል።

ሁለተኛ፣ እግር ጉዞ። በደልዳላ መንገድ በ5 ደቂቃ ተጀምሮ፣ በየሳምንቱ ጥቂት እየተጨመረ እስከ 20 ወይም 30 ደቂቃ ይደርሳል። ልኩ እየተራመዱ አጭር ዐረፍተ ነገር መናገር መቻል ነው፤ መናገር ካቃተ መቀነስ ይገባል። በቆላው፣ በተለይ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ጉዞው ፀሐይ ሳይበረታ በማለዳ ይሁን። የሰሊጥ አቧራ ካለበትም መራቅ ያሻል።

ሦስተኛ፣ ጡንቻ። ከበርጩማ ላይ ሳይደገፉ መነሣትና መቀመጥ፤ በ5 ጀምሮ ወደ 10 ማሳደግ። ለክንድ ግማሽ ሊትር ውሃ የያዘ ጠርሙስ ይበቃል። ዕቃ ሲያነሡ አየር ማስወጣት እንጂ ትንፋሽ አፍኖ መያዝ አይገባም።

በዚህ ዓይነት 8 ሳምንት ያህል ሳያቋርጡ መሥራት ለውጡን ያሳያል። ነገር ግን ደረት የሚወጋ፣ የሚያዞር፣ ከንፈር የሚያጠቁር ወይም ደም የቀላቀለ አክታ የሚያስወጣ ከሆነ እንቅስቃሴውን አቁሞ ወዲያው ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል። ሳል፣ ትኩሳትና የሌሊት ላብ ከተመለሱም አክታን ዳግመኛ ማስመርመር ይገባል። መድኃኒቱን ግን፣ ሕመሙ ቢሻል እንኳ፣ ከተወሰነው ቀን በፊት ማቋረጥ አይፈቀድም።

ምግብም አይረሳ። ሽሮና ምስር፣ እንቁላልና ወተት ሲገኝ፣ ለሚገነባው ጡንቻ ሲሳይ ናቸው። የማገዶ ጭስና የሲጋራ ጭስ ግን ለተጎዳ ሳምባ ጠላት ናቸው።

እንግዲህ ዋናው ኃላፊነት የቤተሰቡ ነው። የታመመው አባት ሲሆን ሚስትና ልጆች ከአልጋ አንሥተው አብረውት ይራመዱ። የታመመችው እናት ስትሆን ደግሞ ባልና ልጆች ውሃውን ይቅዱ፤ ምድጃውንም ይረከቡ። የ20 ሊትር ጀሪካን ተሸክማ የምታለከልክ እናት ሰነፍ አይደለችም፤ ሕክምናዋን ገና ያልጨረሰች በሽተኛ ናት። ሁለት ወር ሸክሟን የሚካፈላት ቤተሰብ፣ ለብዙ ዓመት ጠንካራ እናት ይኖረዋል።