ካቡ ከሰኔ በፊት ይካብ

በጎጃም የአዋበል ወረዳ ሰው ለሟቹ የማያደርገው የለም። እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ጎረቤት እንጀራ ተሸክሞ ይመጣል፣ ለዐርባው ጠላ ይጠመቃል፣ ለተዝካሩ ካህን ይጠራል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ሙት ዓመቱ ሳይደርስ መቃብሩ ላይ ሲሚንቶ ይፈስሳል፤ አቅም ያለው ሴራሚክ ያለብሰዋል፣ ዙሪያውን በብረት ፍርግርግ ያጥረዋል። መቃብሩ ያለው በደብሩ ቅጥር፣ ከወይራውና ከጥዱ ሥር ነው። ለወይራው ግን እድር የጠራለት የለም።

የወረዳው የሉማሜ ከተማ ዙሪያ የጤፍ አገር ነው። ከማሳው መሃል ጠቆር ብሎ ብቅ ያለ ነገር ከታየ ወይ ባሕር ዛፍ ነው፣ ወይ ደብር። ወይራው፣ ጥዱ፣ ዝግባው፣ ኮሶው፣ ጥቁር እንጨቱ በአብዛኛው የቀረው ታቦት ባለበት ቅጥር ውስጥ ነው። ጉጉቱና ዋኔው የሚያድሩት እዚያ ነው፤ ንቡ አበባ የሚቀስመው እዚያ ነው። ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ የማይገኘው፣ ማጅራቱ ነጭ የሆነው ትልቁ ቁራም ጎጆውን የሚሠራበት ረጅም ዛፍ ሲፈልግ ከደብሩ ሌላ የሚሄድበት እየጠፋ ነው።

«ደኑ እኮ አለ» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፣ አለ። የጣሊያን ወራሪ ጦር በ1938 (እ.ኤ.አ.) ከአውሮፕላን ያነሣቸው የደቡብ ጎንደር ፎቶግራፎች ከቅርብ ጊዜ የሳተላይት ምስል ጋር ተመሳክረው ነበር። የአብያተ ክርስቲያናቱ ደን ስፋት እምብዛም አልቀነሰም፤ በዙሪያቸው የነበረው ዛፍና ቁጥቋጦ ግን ተመንጥሯል። ሦስት መንግሥት ሲወጣና ሲወርድ፣ መሬት ሲወረስና ሲከፋፈል ደኑን ያቆመው «የታቦቱ ነው» የሚለው ፍርሃት ነው። ታዲያ ከሰማይ ሲያዩት ያልጎደለው ደን፣ ከሥሩ ገብተው ሲያዩት ሌላ ነው። አሮጌው ዛፍ ቆሟል፤ የሚተካው ልጅ ግን የለውም።

ይህን አፈር ዝቀው ያሳዩት የደን ሳይንስ ሊቁ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ናቸው። በደቡብ ጎንደር የ28 አብያተ ክርስቲያናትን ደን አጥንተው 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ መዘገቡ። ከፕሮፌሰር ደምል ተከታይ ጋር ሆነውም ከደኖቹ አፈር ወሰዱ፤ ውኃ እያጠጡ ምን እንደሚበቅልበት ጠበቁ። የወጣው በአብዛኛው ሣርና አረም ሆነ። አብዛኛው የአገር ዛፍ ዘሩን አፈር ውስጥ ለክፉ ቀን አያስቀምጥም ማለት ነው፤ እናቲቱ ከተቆረጠች ተስፋው አብሮ ይቆረጣል። ሌላም ሙከራ አደረጉ፦ በደኑ ውስጥ ቁራሽ መሬት አጥረው ከብት ከለከሉ። ከአጥሩ ውስጥ ዘሩ በቀለ፣ ችግኙም በተሻለ ቁጥር ተረፈ።

በጋ ላይ ሣር ሲጠፋ የሚሆነውን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እረኛው ላሙንና በጉን ወደ ደብሩ ይነዳል፤ በንግሥ ቀንም በቅሎና አህያ ከዛፉ ሥር ታስሮ ይውላል። ሁለት ቅጠል ያወጣች የወይራ ቡቃያ ከአንድ በግ ጉርሻ አትበልጥም። በግ የተዋትን ደግሞ ሰኮና ይረግጣታል። ከዚህ የተረፈው መሬት በሲሚንቶ ተደፈነ። ስለ እነዚህ ደኖች የተጻፉ ጥናቶች ደኑን ከውስጥ ይሸነሽናሉ ብለው ከቆጠሯቸው ነገሮች ውስጥ የእግር መንገድ፣ አዲስ ግንባታ፣ ባሕር ዛፍና መቃብር ይገኛሉ። በጥንቱ መቃብር ክምር ድንጋይ መሃል አጋም ይበቅል ነበር፤ ሴራሚክ ላይ ምን ይበቅላል?

ያፍራል ሰው ይህን ሲያስብ። ያፍራል፣ ምክንያቱም መፍትሔው ተሞክሮ ታይቷል።

እዚያው ደቡብ ጎንደር ዣራ የሚባል ደብር አለ። የአጥቢያው ሰው ለማረሻው እንቅፋት የሆነበትን ድንጋይ ከማሳው ለቀመ፣ ተሸክሞ አመጣ፣ ያለ ሲሚንቶ በደረቁ ካበ። ማሳው ጠራ፣ ደኑም ታጠረ። ከብቱ በካቡ ውጭ ቀረ፤ ሰው በበሩ ይገባል፣ ይሳለማል፣ ይቀብራል። በደብረ ሰናና በሌሎችም አጥቢያዎች እንዲሁ ተካበ። ለዚህ ሥራ አሜሪካዊቷ የደን ሳይንቲስት ማርጋሬት ሎውማን በአገሯ ገንዘብ አሰባስባለች። እንግዲህ አሜሪካ ያለ ሰው ለጎንደር ደብር ካብ ሲያዋጣ፣ ጎጃሜው ለገዛ አባቱ መቃብር ጥላ ድንጋይ ማቀበል እንዴት ይከብደዋል?

የሉማሜ ሰው ይነሣ! አህያ ያለው ድንጋይ ያመላልስ፤ ትከሻ ያለው ይሸከም። በደቦና በወንፈል ጤፍ የሚያጭድ አገር ለካብ ደቦ መጥራት አያቅተውም።

እድሮችም ይነሡ! ለቀብር ማልዶ የሚወጣ አባል ለአንድ ቀን ካብ ይውጣ፤ የቀረ እንደ ቀብር ቀሪ ይቀጣ። ለሙት ዓመት ሲሚንቶ ሊገዛ ያሰበ ቤተሰብ ገንዘቡን ለካቡ ያውለው፤ በሟቹ ስም ወይራ ይትከል። ቀሳውስቱ ይህን ከዐውደ ምሕረት ካልተናገሩት ማን ይናገረው? ገበሬው የግብርና ባለሙያን ምክር ሰምቶ ሊተወው ይችላል፤ የንስሐ አባቱን ቃል ግን አይጥልም። አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳር፣ ዋሽንግተን ያለው ተወላጅም ጉልላት ለማሠራት የሚከፍተውን ኪስ ጉልላቱን ለከበበው ዛፍ ይክፈት! ዘንድሮ ይክፈት! አሮጌው ጥድ የሚቀጥለውን ዓመት ኮሚቴ ላይጠብቅ ይችላል።

ሥራው ባጭሩ ይህ ነው፦ አዝመራው ከገባ በኋላ፣ ከጥር አንሥቶ ድንጋይ ይለቀም፤ ካቡ እስከ ግንቦት መጨረሻ ይለቅ። ቁመቱ ፍየል የማያዘልል ይሁን፤ ደኑ የሚሰፋበት ቦታ እንዲያገኝ ከጠርዙ ራቅ ብሎ ይካብ፤ በሩ መዝጊያ ይኑረው። አዲስ መቃብር ዛፍ በሌለበት ወገን ተከልሎ ይቆፈር፣ ሲሚንቶ ይቅርበት። ከካቡ ውስጥ ባሕር ዛፍ አይተከል። ዘር ከደብሩ ዛፎች ይለቀም፤ የአብነት ተማሪዎች ችግኝ ያፍሉ፣ ሐምሌ ላይ ይተከል። የደቦው ቀን በዓል እንዳይሆን (በጎጃም በዓል ያልሆነ ቀን ማግኘትም ራሱ ሥራ ነው) ካህናቱ ቆጥረው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ያሳውቁ። ገንዘብ ያለ ደረሰኝ አይሰጥ።

ለመመዝገብ፦ በየአጥቢያው ሰበካ ጉባኤ ጽሕፈት ቤት ወይም ቄሰ ገበዙ ዘንድ። ለችግኝና ለባለሙያ ምክር፦ አዋበል ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት፣ ሉማሜ።