ከዩኒቨርሲቲው በር በፊት ያለው መንገድ

ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ሲከፈት «ሴት ትግባ፣ አትግባ» ብሎ የተከራከረ አልነበረም። ያ ጉዳይ በሕግ ካለቀ ቆይቷል። በኑሮ ግን ገና አላለቀም።

ነባሩ ትምህርታችን የወንድ ነበር። ለምዱን ደርቦ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ቅኔ ፍለጋ ከደብር ደብር የሚዞረው ወንድ ልጅ ነው። እንደ ጎጃሟ የቅኔ መምህርት እንደ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ያሉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ዘመናዊው ትምህርት ቤትም በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ለወንዶች ተከፈተ፤ እቴጌ መነን ትምህርት ቤት ለሴቶች እስኪከፈት ከሃያ ዓመት በላይ አለፈ። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥራ ሲጀምር ሴት ተማሪ ብርቅ ነበረች። ከጣሊያን ወረራ በኋላ እነ ስንዱ ገብሩ የመሩት እቴጌ መነን ልጃገረዶችን በአዳሪነት ማስተማሩ ነው ለኮሌጅ ያበቃቸው። ለብቻ መማራቸው ለአብሮ መማር መንገድ ጠረገ።

ዛሬስ? ከአንኮበር ገጠር የመጣች ልጅ ሁለተኛ ደረጃ ስትደርስ ከቤት ትወጣለች። ጎረቤላ ወይም ደብረ ብርሃን ከጓደኞቿ ጋር አንዲት የጭቃ ክፍል ትከራያለች። እሑድ በሶና ቆሎዋን ተሸክማ ትመጣለች፤ ሐሙስ ላይ ስንቁ ያልቃል። በሩ ከውስጥ የሚታሰረው በሽቦ ነው። ወንድሟም እንዲሁ ይከራያል፤ እሱ ግን ሲመሽ በር የሚገፋበት የለም። እሷ አንድ ሌሊት ደንግጣ ያደረች እንደሆነ «ይቅርብሽ፣ ትዳር ይሻልሻል» የሚል ዘመድ አይጠፋም።

ለሴቶች የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብን ዝቅ ማድረግን እደግፋለሁ። ነገር ግን የሚጠቅመው አሥራ ሁለተኛ ክፍል ለደረሰችው ነው፤ ዘጠነኛ ላይ ለቀረችው ምን ይፈይዳል?

አዲስ አበባ በቅርብ ዓመታት እቴጌ መነንን እንደገና የልጃገረዶች አዳሪ ትምህርት ቤት አድርጋዋለች። አንኮበር ያለበት ሰሜን ሸዋ ዞን ይህን ያህል ባይችል እንኳ በየወረዳው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አጠገብ የልጃገረዶች ማደሪያ መሥራት አያቅተውም። አልጋ፣ ውኃ፣ መብራት፣ የሚቆለፍ በርና አንዲት ኃላፊነት የሚሰማት ሞግዚት ይበቃል። ዞኑ ቦታ ይስጥ፣ ኅብረተሰቡ ጉልበትና እንጨት ያዋጣ፣ ዩኒቨርሲቲው ባለሙያዎቹን ይላክ። ክፍያውም ስንቅ ይዛ ለምትመጣ የገበሬ ልጅ የሚከብድ አይሁን።

ወንድና ሴት በእኩል የሚማሩበት ዩኒቨርሲቲ የሚገነባው ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ነው። ለዚህ ዓመት በጀት ሲያዝ የልጃገረዶች ማደሪያ ከመንገድና ከቢሮ እድሳት ቀድሞ ይጻፍ።